ሳይተረጎም የቀረው

«ምን አለ?» አለች ረኔ፣ ዓይኗን ከካሜራዋ ሳትነቅል።

ሮሐ አልመለሰችላትም። አያቷ አባባ ተፈሪ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። የካሜራው ቀይ መብራት በርቷል። እስከ አሁን ነገሩ ሁሉ ደህና ነበር። እሳቸው በአማርኛ ይናገራሉ፣ ሮሐ ወደ እንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ ረኔ ትቀርጻለች። ከታላቅ ወንድማቸው ከተስፋ ጋር ሥራ ፍለጋ ከጭልጋ ተነስተው በመተማ በኩል ወደ ሱዳን መሻገራቸውን፣ ገዳሪፍ ላይ ሰሊጥ አጫጅ ሆነው መቀጠራቸውን ተርጉማለች። ሰሊጥ ቀን የማይሰጥ ሰብል መሆኑን፣ በሰዓቱ ካላጨዱት ፍሬው መሬት ላይ እንደሚረግፍም ተርጉማለች። ከዚያ የአባባ ድምፅ ወረደና ማንም ያልጠየቃቸውን ተናገሩ።

«ወባ ይዞት ነበር። አንድ ቀን ብቻ ቀርቶናል፣ ጨርሰው ያልኩት እኔ ነኝ። ጨረሰው፤ እሱም አለቀ። ከማሳው ዳር ቀበርኩት። አገሬ ስመለስ ልጁ ዕንቁ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ እናቷ ስትወልዳት ነው የሞተችው። የማን ልጅ ናት ሲሉኝ የኔ ናት አልኩ። ትምህርት ቤት ሳስገባት የኔ ናት አልኩ። የዲቪው ፎርም ላይም የኔ ናት አልኩ። ታዲያ ምን ልበል?»

ዕንቁ የሮሐ እናት ናት። ሮሐ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አያቴ ስትል የኖረችው የእናቷን አጎት ነው ማለት ነው።

«ሮሐ! ምን አለ?»

«ወንድሙ ወባ ይዞት ሞተ» አለች ሮሐ በእንግሊዝኛ።

«ይሄን ሁሉ ተናግሮ?»

«አማርኛ ረጅም ነው።»

ረኔ ሳቀች። ሮሐም አብራት ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። አባባ ኮፍያቸውን ደፉና ሸክም እንዳወረደ ሰው ተነፈሱ። «ስሙን ከጠራሁት ስንት ዘመኔ!» አሉ። «ጎሽ ልጆቼ። ሰው ይስማው።»

ይህንንም አልተረጎመችውም።

ነገሩ የተጀመረው በታሪክ ክፍለ ጊዜ ነበር። መምህሯ ሚስ ኦርቴጋ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቿን ሁለት ሁለት አድርጋ አቧደነችና ሥራ ፍለጋ ድንበር የተሻገሩ አያቶቻቸውን ታሪክ እንዲቀርጹ አዘዘች። ሥራው የፊታችን ዐርብ ወላጆች በተገኙበት ይታያል። ቦታው ደግሞ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለው የእትዬ ካሰች ሬስቶራንት የጓሮ አዳራሽ ነው። እትዬ ካሰች ትልቅ ቲቪ አላቸው፤ ሳምቡሳውንም በነፃ እችላለሁ ብለዋል። የእሳቸው ሳምቡሳ እንደ ወሬያቸው ነው፣ ሁልጊዜ ትኩስ።

የረኔ ተራ ያለፈው ቅዳሜ ነበር። አያቷ ሮዝ የሚኖሩት ቫን ናይስ የሚባል ሰፈር ነው፤ ረኔ «ሜሜር» ትላቸዋለች። ቤተሰቡ አካዲያን ነው። አካዲያኖች በምሥራቅ ካናዳ ለዘመናት የኖሩ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ናቸው። ሜሜር ሮዝ በአሥራ አራት ዓመታቸው ከኒው ብራንዝዊክ ወንዝ ተሻግረው አሜሪካ፣ ሜይን ግዛት ገቡ፤ ወላጆቻቸው እዚያ ጫማ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ አግኝተው ነበር። ፋብሪካው ግን ከአሥራ ስድስት ዓመት በታች አይቀጥርም። እናታቸው መላ ዘየዱ። ሁለት ዓመት የምትበልጣቸውን የሟች እህታቸውን የማሪን የጥምቀት ወረቀት አስያዟቸው።

«ድንበር ጠባቂው ስምሽ ማን ነው ሲለኝ ማሪ አልኩት» አሉ ሜሜር። «ድምፄ የጫጩት ነበር። ፋብሪካ ውስጥ ማሪ፣ ቤት ስገባ ሮዝ። አንዳንዴ ሲጠሩኝ ዞር ማለት እረሳለሁ!»

ወረቀቱ በመስታወት ክፈፍ ገብቶ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ በልጅ ልጆቻቸው የምረቃ ፎቶዎች መሐል ተሰቅሏል። ሁሉም ሳቀ። ከሁሉም አብልጣ የሳቀችው ሮሐ ነበረች።

ዛሬ የአባባ ቀረጻ ሲያልቅ የሮሐ እናት ከሥራ ገባች። ዕንቁ የምትሠራው የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው፤ ዩኒፎርሟን እንኳን አልቀየረችም። ድካሟን ዋጥ አድርጋ ረኔን ኮሪያታውን ሰፈር ቤቷ ድረስ አደረሰቻት። ረኔ ኋላ ወንበር ላይ ካሜራዋን እንደ ሕፃን ታቅፋ ስለ አባባ አውርታ አልጠገበችም። እሷን አውርደው ተመለሱ። ሰፈራቸው ሚድ ሲቲ ሲደርሱ እንደ ወትሮው ፓርኪንግ ጠፋና ብሎካቸውን መዞር ጀመሩ።

«እማዬ፣ ተስፋ ማነው?»

ዕንቁ ፍሬን ያዘች። ከኋላቸው ያለው መኪና ጡሩምባውን ነፋ።

«ማን ነገረሽ?»

«አባባ። ካሜራው ላይ ሁሉንም ተናገረ።»

እናቷ መኪናውን እንደገና አንቀሳቀሰች። ከዚያ መንገዱን እያየች፣ «እኔም የሰማሁት አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ ነው» አለች። «ከዚያ ዲቪ ደረሰው። ፎርሙ ልጅ ካለህ ሙላ ይላል፤ ሞላ። ምን ያድርግ? ያሳደገኝ እሱ፣ ያስተማረኝ እሱ፣ ፀጉሬን እንኳን እያጣመመ የጎነጎነኝ እሱ ነው።»

«ሶ ውሸት አይደለማ።»

«ለኛ አይደለም። ፎርሙ ግን የወንድም ልጅ ምን እንደሆነ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ወለድክ፣ አልወለድክም ነው። ሐሙስ ደግሞ ኢንተርቪው አለኝ።»

ስለ ሐሙሱ የዜግነት ቃለ መጠይቅ ሮሐ ታውቃለች። እናቷ ሃያ ዓመት ሙሉ በግሪን ካርድ ስትኖር በየዓመቱ «ለከርሞ አመለክታለሁ» የምትለው ለምን እንደነበር ግን ገና ዛሬ ገባት። ዘንድሮ ስለ ስደተኞች መባረር የሚሰማው ዜና ቢያስፈራት ጊዜ ነበር ጨክና ያመለከተችው።

«አንቺን አይነኩሽም፤ እዚህ ነው የተወለድሽው» አለች እናቷ። «እኔን ግን ያንን የድሮ ፎርም አውጥተው በውሸት ነው የገባሽው ብለው...» አልጨረሰችውም። «አባባ በካሰች አዳራሽ ውስጥ በአማርኛ ሲናገር ይታይሽ። ስልሳ ሰው ተቀምጦ!»

«ከሥር የሚጻፈው እንግሊዝኛ እኮ እኔ ያልኩት ነው። እዚያ ላይ ምንም የለም።»

«እና ጆሮ የላቸውም? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ሮሐ። የካሜራውን ካርድ ከልጅቷ ተቀብለሽ ዲሊት አድርጊው። ለምን እንደሆነ ለማንም አትናገሪ። ሆድ ይፍጀው።»

በአራተኛው ዙር ክፍት ቦታ አገኙ። እናቷ ፓርክ አደረገችና ሞተሩን አጠፋች። ሁለቱም ግን ቶሎ አልወረዱም።

እሑድ ሮሐ ሶፋው ላይ ተጋድማ የቁም ሳጥኑን አናት ስታይ ዋለች። የቤቱ ወረቀት ሁሉ ያለው እዚያ፣ አሮጌ ሻንጣ ውስጥ ነው። ቁልፉ የሚንጠለጠለው እናቷ አንገት ላይ፣ ከማተቧ መስቀል ጎን ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ የምታየው ነገር ስለሆነ ለምን ብላ አታውቅም። የቫን ናይሱ ወረቀት ግድግዳ ላይ ወጥቶ እንግዳ ያስቃል፤ የእነሱ ተቆልፎበታል። ውሸት ስንት ዓመት ሲሞላው ነው ተረት የሚሆነው?

ሌላም ነገር ትዝ አላት። ትንሽ ሳለች አባባ በእናቷ ወገን ዘር ያስቆጥሯት ነበር፤ ሮሐ፣ ዕንቁ፣ ተፈሪ፣ ሰይፈሥላሴ። ለአንድ ስም አንድ ጣት ትታጠፋለች። ሁልጊዜ ሰይፈሥላሴ ላይ ያቆማሉ፤ አንድ ጣት ሳትታጠፍ ትተርፋለች። «ይቺስ?» ስትላቸው፣ «እሷ ትቆይ» ይሏት ነበር። አባባ አሁን መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው እያንጎራጎሩ ነው። ዐርብን እንደ ዓመት በዓል እየጠበቁ ነው።  ሮሐ ለእናቷ ብትል አባባን ልትቀማ ነው፤ ለአባባ ብትል እናቷን ልታጣ ነው። የቱም ጋ መውጫ የለም።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ረኔ ዓይኖቿ እያበሩ መጣች።

«ከሥር የሚገባውን ጽሑፍ ጨርሻለሁ! ከክፍሉ አንደኛ እንሆናለን፤ አትጠራጠሪ። አንድ ቦታ ብቻ ቀርቷል። ኮፍያውን የሚይዝበት ቦታ። እሱ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ያወራል፣ አንቺ አራት ቃል ነው ያልሽው። ሳየው ምን እንዳለ ሳላውቅ አለቀስኩ። ሶ ነገ ሬስቶራንቱ ሄጄ ሚስ ካሰችን አስተረጉማለሁ። ቃል በቃል ትነግረኛለች።»

«አትሂጂ!»

ጠረጴዛው ላይ ያለ ሁሉ ዞሮ አያቸው። ሮሐ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ካርዱን ስጪኝ። ኮፒ ካለሽም አጥፊው። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ።»

ረኔ አፍጥጣ አየቻት። «ስትተረጉሚ ዋሽተሽኛል እንዴ?»

አይ ማለት ይቻል ነበር። ሮሐ ግን፣ «አዎ» አለች።

«የሦስት ሳምንት ሥራዬ ነው» አለች ረኔ ምሳዋን እየሰበሰበች። «የኔ ሜሜር ምንም ሳትደብቅ ነው የነገረችሽ። ምንም!»

ማክሰኞ ረኔ ሌላ ጠረጴዛ ላይ በላች። ሮሐ ከትምህርት ቤት ስትወጣ እግሯ በራሱ ወደ ፌርፋክስ ወሰዳት። በሬስቶራንቱ መስታወት አሻግራ ረኔን ፈለገች፤ የለችም። እትዬ ካሰች ግን አዩዋትና በሩን ከፍተው ወጡ።

«ሮሐዬ! ጋሼ ተፈሪ ፊልም ሠሩ ሲሉ ሰማሁ! እኔማ ዐርብ ማልቀሴ አይቀርም ብዬ ሶፍቴን አዘጋጅቻለሁ። እናትሽስ፣ ሐሙስ ነው አይደል ኢንተርቪዋ? ጸሎት ይዤላታለሁ በያት። ምነው ገረጣሽ? ነይ ግቢ፣ ሳምቡሳ ብዪ።»

«ጠግቤያለሁ እትዬ» አለች ሮሐ። ቁርሷን እንኳን አልበላችም ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ረኔ የሮሐ ዕቃ ማስቀመጫ ሎከር አጠገብ ቆማ ጠበቀቻት። እጇ ላይ ትንሽ ፖስታ ይዛለች። አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም።

«ትናንት ቫን ናይስ ሄጄ ለሜሜር ነገርኳት» አለች። «እንድትናደድልኝ ነበር የፈለግኩት። እሷ ግን ‹ልጅቷ እንቅልፍ ትተኛለች?› አለችኝ። ከዚያ ክፈፉን ከግድግዳው አውርዳ ወረቀቱን አወጣችው። ስምንት ቦታ ታጥፎ ነበር ሮሐ። ሠላሳ አንድ ዓመት ፍራሽ ውስጥ ተሰፍቶ ነው የኖረው። ለእናቴም አልነገረቻትም። በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ይወድቅ ነበር አለች። ይሄንን ለካሜራው አልነገረችንም።»

ሮሐ ፖስታውን አየችው።

«‹ካርዱን መልሺላት፣ ምንም አትጠይቂያት› ብላኛለች። ኮፒ አላስቀረሁም።» ፖስታውን ሰጠቻት። «አሁንም ግን ተናድጄብሻለሁ፣ ኦኬ?»

«ኦኬ» አለች ሮሐ። ፖስታው ምንም ክብደት የለውም፤ ቀኑን ሙሉ ግን እጇን ከኪሷ አላወጣችም።

እናቷ ከሥራ ስትገባ ካርዱን ምግብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላት። አባባ መኝታ ቤት ሬዲዮ ከፍተው ነበር።

«አጠፋሽው?» አለች ዕንቁ በሹክሹክታ።

«አላጠፋሁትም» አለች ሮሐ። «አጠፋሁት ልልሽ እችል ነበር፤ አታውቂም ነበር። ሰለቸኝ እማዬ። ለረኔ ዋሸሁ፣ ሚስ ኦርቴጋን ካርዱ ተበላሸ አልኳት፣ ለእትዬ ካሰች እንኳን ጠግቤያለሁ አልኩ። ደግሞ አባትሽ ተስፋ ያለው እዚህ ውስጥ ብቻ ነው። ሌላ ቦታ የለም። መቃብሩ ላይ እንኳን ስሙ አልተጻፈም።»

ዕንቁ ካርዱን አንስታ መዳፏ ላይ አየችው። የጥፍር ያህል ነገር ነው። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥታ ሻንጣውን አወረደች፤ ከአንገቷ ቁልፉን አወጣች፤ ካርዱን ከወረቀቶቹ መሐል አስገባችው።

«አሁን አላየውም» አለች። «አቅም ሲኖረኝ አየዋለሁ።»

ሻንጣውን ወዲያው አልቆለፈችውም። ትንሽ ከቆመች በኋላ ስልኳን አንስታ የዜግነቱን ጉዳይ ለያዘችው ጠበቃ፣ ለሎየሯ ደወለች። ሮሐ የሰማችው የዚህን በኩል ብቻ ነው። «ሐሙስን ማራዘም እንችላለን?... አይ፣ አላመመኝም። ያልነገርኩሽ ነገር አለ። መጀመሪያ ላንቺ ልንገርሽ።»  ምን እንደሚከተል እናቷም፣ ሮሐም አያውቁም። ሐሙስ ቀረ፤ ሎየሯ የሰጠቻት አዲስ ቀጠሮ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፎ ባለፉ ቁጥር ያስጨንቃቸዋል።

ዐርብ አዳራሹ ሞላ። የሜሜር ሮዝ ታሪክ ብቻ ታየ፤ ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ። ሮሐ ግን ሜሜር «ድምፄ የጫጩት ነበር» ያሉበት ቦታ ሲደርስ በዚህኛው ጊዜ አልሳቀችም። ሚስ ኦርቴጋ ለሁለቱም ግማሽ ውጤት ሞላች። እትዬ ካሰች «የጋሼ ተፈሪስ?» እያሉ ሦስት ሰው ጠየቁ። ረኔ ከሮሐ አንድ ወንበር ዘላ ተቀምጣ፣ መሐል ባለው ወንበር ላይ ጃኬቷን አስቀምጣ ነበር። ለመሄድ ሲነሱ ጃኬቱን አነሳችና፣ «ሰኞ ምሳ ላይ እንገናኝ» ብላ ወጣች።

አባባ ጉልበታቸው ስላመማቸው አልሄዱም ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ሮሐ ስትነሳ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን አድርገው መስኮቱ አጠገብ አገኘቻቸው። ከውጭ አውቶቡሱ ፒኮ ጎዳና ላይ ቆሞ ሰው ያወርዳል። ማታ እሷ ስትገባ ተኝተው ነበር፤ እንቅልፍ ግን የወሰዳቸው አይመስልም።

«ተስፋ ታየ?» አሉ።

አዎ የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር። አዎ አባባ፣ ሁሉም አለቀሰ፣ እትዬ ካሰች ሶፍታቸውን ጨረሱ። እሳቸው ደስ ይላቸዋል፤ ማንም አይጎዳም። የዚህን ሳምንት ያህል ውሸት ቀሏት አያውቅም።

«አልታየም» አለች። «እኔ ነኝ ያስቀረሁት። ለእማዬ ብዬ።»

አባባ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። አውቶቡሱ ሄደ።

«ለዕንቁ ከሆነ እንግዲህ...» አሉ። ቀጥለውም በቀጭን ድምፅ፣ «እኔማ ሰው ይስማው ብዬ ነበር» አሉ።

 ሮሐ ልታቅፋቸው ፈለገች፣ ይቅርታ ልትልም ፈለገች። ሁለቱንም ተወችና ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። እንደ ትንሽነቷ እጇን ፊታቸው ዘረጋች።

«ሮሐ» ብላ አንድ ጣት አጠፈች። «ዕንቁ።» ሁለተኛዋን አጠፈች። ሦስተኛዋና አራተኛዋ ላይ ስትደርስ ሁለቱን አንድ ላይ አጠፈቻቸው። «ተስፋ እና ተፈሪ።» ከዚያ የቀረችውን አንዲት ጣት፣ «ሰይፈሥላሴ።»

አባባ የተጨበጠውን እጇን አዩት። 

«አሁን ከመጀመሪያው ንገረኝ» አለች ሮሐ። «ካሜራ የለም። የሚተረጎምለትም ሰው የለም። ከጭልጋ ስትነሱ ማነው ከፊት የሄደው፣ አንተ ነህ ወይስ እሱ?»

አባባ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ በሁለት እጃቸው ያዙት።

«እሱ ነበር» አሉ።